የዚንክ ልባጥ፤ መቼ ይገፈፋል? መቼስ ይተዋል?

ለዕቃ ሻጮች፣ ለማር ነጋዴዎችና ለብረት ሥራ ቤቶች

በደብረ ማርቆስ የብረታ ብረት መደብሮች ውስጥ ብዙ ፈላጊ ካላቸው ሸቀጦች መካከል በዚንክ የተለበጠ ላሜራ፣ ባልዲ፣ በርሜልና የውሃ ቧንቧ ይገኙባቸዋል። ዕቃው ከአዲስ አበባ ተጭኖ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ በደጀን በኩል ወደ ከተማው ይገባል፤ ከከተማውም ወደ አማኑኤል፣ ወደ ደምበጫና በዙሪያው ወዳሉት ወረዳዎች ይሠራጫል። ሻጩ ዋጋውንና ውፍረቱን ይናገራል፤ ገዢው ግን ዕቃውን ለምን ሥራ እንደሚያውለው ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይሄዳል። ይህ አንድ ጥያቄ አለመጠየቁ ለገዢው ጤና፣ ለሻጩም ስም የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ያው ባልዲ ውሃ ሲቀዳበት ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ሲሆን፣ ጠጅ ሲጣልበት ግን ልባጡ ከብረቱ እየለቀቀ ወደ መጠጡ ይገባልና።

ስለ ልባጡ መገፈፍ ሁለት ዓይነት ነገር መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ባለቤቱ ሳያውቀው በምግብና በመጠጥ አሲድ አማካይነት የሚደርሰው መገፈፍ ነው። ሁለተኛው የብረት ሠራተኛው ዕቃውን ለመበየድ ወይም ለመጠገን ሲል ሆን ብሎ የሚፈጽመው ነው። የመጀመሪያው ሊከለከል፣ ሁለተኛው ደግሞ በሥርዓት ሊሠራ ይገባል።

ልባጡ ምን ይሠራል?

ብረት በእርጥበትና በአየር መካከል ሲቀመጥ የሚዝግ መሆኑ የታወቀ ነው። ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን በቀለጠ ዚንክ ነክሮ ከዝገት የመጠበቅን ዘዴ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1837 ዓ.ም. በስሙ አስመዘገበ። ሥራው «ጋልቫናይዝ» የተባለው በኢጣሊያዊው ሊቅ በሉዊጂ ጋልቫኒ ስም ነው። አሠራሩ ዛሬም በመሠረቱ አልተለወጠም። ብረቱ በአሲድ ከታጠበና ከጸዳ በኋላ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በሚሞቅ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ ይነከራል። በዚህ ጊዜ ዚንኩ እንደ ቀለም ከላይ ተለጥፎ አይቀርም፤ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ደረጃ በደረጃ የተነባበረ ንጣፍ ይሠራል። ልባጡ በጥፍር ተፍቆ የማይነሣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዚንክ ብረትን የሚጠብቀው በሁለት መንገድ ነው። በመጀመሪያ ውሃና አየር እንዳይደርሱበት ይከልለዋል። ሁለተኛም ልባጡ በአንድ በኩል ቢጫር እንኳ ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያድነዋል። ስለዚህ ልባጡ ራሱን አሳልፎ የሚሰጥ ዘበኛ ነው ማለት ይቻላል። ለጣራ፣ ለአሸንዳ፣ ለውሃ በርሜልና ለደረቅ እህል ማስቀመጫ ከዚህ የሚሻል በዋጋም በጥንካሬም የሚስማማ ዕቃ በቀላሉ አይገኝም። የደጀንና የብቸና ጤፍ ደርቆ ከገባ በዚንክ በተለበጠ ጎተራ ውስጥ ቢቀመጥ ከነቀዝና ከአይጥ ይጠበቃል እንጂ ከዕቃው የሚደርስበት ጉዳት የለም።

ዘበኛው በአሲድ ፊት

ዘበኛው የሚሸነፈው አሲድ ሲያገኘው ነው። ዚንክ በአሲድ ውስጥ ይሟሟል፤ በሚሟሟበትም ጊዜ ሃይድሮጅን የተባለው ጋዝ በአረፋ መልክ ይወጣል። ይህ እንዲሆን የባትሪ አሲድ አያስፈልግም፤ አቼቶ፣ የሎሚ ጭማቂ፣ እርጎ፣ የቦካ ሊጥ፣ ጠላና ጠጅ ሁሉም አሲድ ያለባቸው ስለ ሆኑ ሥራውን ቀስ በቀስ ይፈጽሙታል። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይፈጥናል።

ጉዳዩን በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። በገበያ ላይ ከታወቁት የተለበጡ ላሜራዎች አንዱ በአንድ ሜትር ካሬ በሁለቱም ገጽ ተደምሮ 275 ግራም ዚንክ የተለበጠበት ነው፤ ይህም በእያንዳንዱ ገጽ 137 ግራም ያህል፣ በውፍረትም ከሚሊ ሜትር 50 እጅ አንዱ ገደማ ማለት ነው። ከዚህ ላሜራ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ቢሠራ የውስጡ ገጽ ወደ 2 ሜትር ካሬ ይጠጋል። እንግዲህ በርሜሉ በውስጠኛው ገጹ ብቻ 275 ግራም ያህል ዚንክ ይሸከማል። ከዚህ ውስጥ ከ10 እጅ አንዱ ብቻ በጠጁ ወይም በጠላው ውስጥ ቢሟሟ፣ እያንዳንዱ ሊትር ከ130 ሚሊ ግራም በላይ ዚንክ ይይዛል። የአሜሪካ የምግብና የጤና ሊቃውንት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ40 ሚሊ ግራም በላይ እንዳይወሰድ ወስነዋል። በአንድ ጊዜ ከ200 ሚሊ ግራም በላይ የዋጠ ሰው ደግሞ ትውከትና የሆድ ቁርጠት ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ በድግስ ላይ ሁለት ሊትር የጠጣ ሰው ቢታመም ነገሩ «ጠጁ በረታበት» ተብሎ የሚታለፍ ላይሆን ይችላል።

እንዲህ ያለው መመረዝ በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ የሕክምና ጽሑፍ፣ በዚንክ በተለበጠ ዕቃ ውስጥ ምግብና መጠጥ በመቀመጡ ሰዎች በአንድነት የታመሙበትን ሁኔታ ዘርዝሮ አቅርቧል። በዚያም ቢሆን ዕቃው የተሠራው ለሌላ አገልግሎት ነበረ፤ ጥፋቱ የብረቱ ሳይሆን የአጠቃቀሙ ነው።

ከዚንኩ ጋር ሌላም ነገር አለ። ለልባጥ የሚውለው ዚንክ ሁልጊዜ ፍጹም ንጹሕ አይደለም፤ በአንዳንዱ ዓይነት ውስጥ በመቶ አንድ እጅ ያህል እርሳስ ይገኝበታል። የድሮ ዕቃ መገጣጠሚያም ብዙ ጊዜ እርሳስ ባለበት ማጣበቂያ የተያያዘ ነው። ዚንክ በብዛት ሲወሰድ በትውከት ወዲያው ራሱን ያስታውቃል፤ እርሳስ ግን ምልክት ሳይሰጥ በአጥንት ውስጥ እየተጠራቀመ በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል።

አረቄ ማውጫውና አተላው

ኬሚካዊ ለውጥ የሚካሄድበት ዕቃ ሲባል የብዙ ሰው አሳብ ወደ ፋብሪካ ይሄዳል። ይሁን እንጂ በደምበጫና በአካባቢው ለአረቄ የሚጣለው ድፍድፍ የሚፈላበት፣ እንፋሎቱም በቧንቧ አልፎ ቀዝቅዞ የሚንጠባጠብበት መሣሪያ በሥራው ከፋብሪካው ዕቃ የሚለየው በመጠን እንጂ በባሕርይ አይደለም። ጥንታዊው መሣሪያ ከሸክላና ከመቃ የተሠራ ስለ ነበረ አሲድ የሚሟሟበት ልባጥ አልነበረውም። ጥያቄው የመጣው ሸክላው በበርሜል፣ መቃውም በውሃ ቧንቧ ሲተካ ነው።

በዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ዚንክ ደግሞ ወደ እንፋሎትነት የሚለወጠው በ907 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ከማፍያው በርሜል የሟሟው ዚንክ ከእንፋሎቱ ጋር ተነሥቶ ወደ አረቄው አይሄድም፤ ከታች ከአተላው ጋር ይቀራል። አተላው ግን አይጣልም፤ ለከብትና ለበግ ይሰጣል። ለሰው ያልደረሰው ዚንክ ለከብቱ ይደርሳል ማለት ነው።

በቧንቧው ላይ ነገሩ የተለየ ነው። ከድፍድፉ ከአልኮሉ ጋር አቼቶን የሚያኮመጥጠው አሲድ ጭምር ተንኖ ይወጣል። እንፋሎቱ በቧንቧው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይህ አሲድ የቧንቧውን ልባጥ እያጠበ በቀጥታ ወደ መቀበያው ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚያጣራው ነገር የለም። ስለዚህ አውጪው ገንዘቡ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃው ከሆነ፣ ቀድሞ መለወጥ ያለበት ማፍያውን ሳይሆን ቧንቧውንና መቀበያውን ነው። ሻጩም ቧንቧ ሊገዛ ለመጣ አውጪ ይህን ቢነግረው አንድ ሽያጭ ያጣ ይሆናል፤ ደንበኛውን ግን አያጣም።

የማሩ ጉዳይ

«ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ይባላል፤ ስለ ማር ዕቃ ሲነገር ግን እውነቱን መናገር ይቀድማል። ማር ጣፋጭ ስለ ሆነ አሲድ ያለበት አይመስልም፤ ነገር ግን ንብ ራሷ በምታመነጨው ኢንዛይም አማካይነት ከስኳሩ የሚፈጠር ግሉኮኒክ የሚባል አሲድ አለበት። የአሲድነቱ መለኪያ በአማካይ 3.9 ገደማ ሲሆን ይህ ከብዙ ፍራፍሬ ጭማቂ ጋር የሚቀራረብ ነው። ማር በዚንክ በተለበጠ በርሜል ውስጥ ለወራት ሲቀመጥ ዚንኩን ያሟሟል፤ ልባጡ ካለቀ በኋላም ብረቱን ይነካል። ብረት የነካው ማር መልኩ ይጠቁራል፤ ጣዕሙም ብረት ብረት ይላል።

ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ይበልጥ ማር የምታመርት አገር ስትሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት ገበያ ለማስገባት ከተፈቀደላቸው አገሮች መዝገብ ገብታለች። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስም ማር ጤናን በሚጎዳ መጠን ከባድ ማዕድናት እንዳይኖሩበት ያዝዛል። በውጭ አገር ላቦራቶሪ የሚመረመረው ማር የየትኛው ገበሬ እንደ ሆነ አይለይም፤ ከአንድ መጥፎ በርሜል የተቀላቀለ ማር የጭነቱን ሁሉ ስም ያጠፋል። ገበሬው ከቀፎው ንጹሕ ማር ቆርጦ ሲያመጣ ሰብሳቢው በርካሽ በርሜል ቢያጠራቅመው፣ የዓመት ድካም በአንድ ዕቃ ስሕተት ከንቱ ይሆናል። ለማር የሚስማማው የማይዝግ ብረት፣ ለምግብ ተብሎ የተሠራ ፕላስቲክ፣ መስተዋት ወይም በውስጡ ለምግብ የሚሆን ቀለም የተቀባ በርሜል ነው።

ልባጡን ገፍፎ መጠቀምስ?

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ዚንኩን በአሲድ አጥቤ ባዶውን ብረት እጠቀምበታለሁ» ሊል ይችላል። አሳቡ ብልኀት ይመስላል፤ ግን አያዋጣም። በመጀመሪያ፣ ከላይ እንደ ተባለው ዚንኩ ከብረቱ ጋር ስለ ተዋሐደ በስፌቱና በማዕዘኑ ውስጥ ያለው በቀላሉ አያልቅም። ሁለተኛ፣ የተራቆተው ብረት በዚያው ቀን መዛግ ይጀምራል፤ ማሩንም ጠጁንም ያበላሻል። ሦስተኛ፣ በርሜሉ አሮጌ ከሆነ ቀድሞ ምን እንደ ተጫነበት፣ ነዳጅ ይሁን የእርሻ መድኃኒት፣ ማንም አያውቅም፤ ይህንንም አሲድ አያጥበውም። ለምግብ የማይሆን ዕቃ ልባጡ በመገፈፉ ለምግብ አይሆንም።

ልባጥ ለአንዱ ሥራ ጠባቂ፣ ለሌላው ሥራ ጠንቅ የመሆኑ ነገር በትልልቅ ፋብሪካዎችም ያጋጥማል። በአንዳንድ የነዳጅ ማጣሪያ ክፍሎች ብረቱ በከፍተኛ ሙቀት በካርቦን እንዳይበላ የውስጥ ግድግዳው በቲን ይለበጣል። ከግድግዳው ጋር ሳይዋሐድ የቀረ ትርፍ ቲን ግን ከቦታው ለቅቆ ሥራውን የሚያካሂደውን ውድ ንጥረ ነገር ሊመርዝ ስለሚችል፣ መሣሪያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ትርፉን ማስወገድ ያስፈልጋል። ጠያቂውም ጥያቄውም በደምበጫ ካለው አይለይም፤ «ይህ ልባጥ በውስጡ ከሚካሄደው ሥራ ጋር ይስማማል ወይስ አይስማማም?» የሚል ነው።

ለብየዳ ሲባል የሚገፈፈው

የተለበጠ ብረት የሚበየድ ከሆነ ግን ልባጡ መነሣት አለበት። ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ከብየዳው እሳት ፊት ደግሞ ወዲያው ተንኖ ነጭ ጢስ ይሆናል። ይህን ጢስ የሳበ በያጅ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ትኩሳት፣ ጥማትና የደረት ሕመም ይይዘዋል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል፤ ስለዚህም ብዙዎች ጉንፋን ወይም ወባ ይመስላቸዋል። ወተት መጠጣት ጢሱን ከሳንባ አይከለክልም፤ የሚከለክለው ልባጡን አስቀድሞ ማንሣትና በግልጽ አየር መሥራት ነው። ዚንኩ ካልተነሣም ብየዳው በውስጡ ቀዳዳ እየበዛበት ደካማ ይሆናል።

የማንሣቱ መንገድ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ መፋቅ። ከብየዳው መስመር በግራና በቀኝ ከ2.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያለውን በመፍጫ ወይም በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ለትንንሽ ጥገና ይበቃል። አቧራው እንዳይሳብ አፍና አፍንጫን በሚገባ መሸፈን ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ በተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማጠብ። አሲዱ በብርቱ ያረፋል፤ አረፋው ሲበርድ ዚንኩ ማለቁን ያስታውቃልና ብረቱ ያን ጊዜ መውጣት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ቢቆይ አሲዱ ብረቱን ራሱን ይበላል። አሲድ ሲበረዝ አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም፤ ይህ ከተገለበጠ በድንገት ፈልቶ ወደ ፊት ይረጫል። የሚወጣው ሃይድሮጅን ከአየር ጋር ሲቀላቀል ከመቶ 4 እጅ ጀምሮ ስለሚቀጣጠል፣ በአጠገቡ ሲጋራ፣ ክብሪትም ሆነ ብየዳ አይፈቀድም። ከፍተኛ ጥንካሬ ያላቸው ብሎኖችና ሞላዎች በአሲድ ሲታጠቡ ሃይድሮጅኑ ገብቶ ተሰባሪ ያደርጋቸዋልና በዚህ መንገድ አይሠሩም።

ሦስተኛ፣ በኮስቲክ ሶዳ ውስጥ መዘፍዘፍ። ይህ ይዘገያል፤ ሃይድሮጅንም ያወጣል፤ ነገር ግን ዚንኩን አሟሙቶ ብረቱን አይነካውም። በቆዳና በዓይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከአሲድ አያንስም።

በአሲድም ሆነ በሶዳ የታጠበ ብረት በብዙ ውሃ ተለቅልቆ ወዲያው መድረቅና ዘይት ወይም ቀለም መቀባት አለበት። የተበየደውም ቦታ ዘበኛውን እንዲያገኝ ዚንክ ባለበት ቀለም ይቀባል። ያገለገለው አሲድ የሟሟውን ዚንክ ስለሚይዝ ዓሣ ይገድላል፤ በኖራ ሳይገደል ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቦይ ሊፈስ አይገባም።

ለመደብሩ ባለቤት

ይህን ሁሉ በሥራ ለማዋል ብዙ ወጪ አያስፈልግም። የተለበጠ ዕቃ በላዩ ላይ በሚታየው የሚያብረቀርቅ የተዘበራረቀ ንድፍ ይለያል፤ ቢያጠራጥር አንድ ጠብታ አቼቶ ጠብ ተደርጎበት ጥቂት ቢቆይ ቦታው ይደበዝዛል። አስመጪው ከአቅራቢው የልባጡን መጠንና ለምግብ መሆን አለመሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል። ባለ ሱቁም በተለበጠ በርሜልና ባልዲ ላይ «ለውሃና ለደረቅ እህል፤ ለጠጅ፣ ለጠላ፣ ለአረቄ፣ ለማርና ለሊጥ አይሆንም» የሚል ወረቀት ቢለጥፍ የወረቀቱ ዋጋ ሳንቲም ነው።

አሲድ የሚሸጥ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። አሲድን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ቀድቶ አይሽጥ፤ ሕፃን ሊጠጣው ይችላልና። ከበረኪናም ጋር በአንድ መደርደሪያ አያስቀምጥ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ገዢ ወደ መደብር ሲገባ «ምን ሊደረግበት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ አይቀየምም። ለውሃ ነው ካለ የተለበጠውን ይውሰድ፤ ለማር ነው ካለ ሌላው ዕቃ ይታየው፤ ሊበየድ ነው ካለ ልባጡን ማንሣት እንዳይረሳ ይነገረው። ይህን ጠይቆ የሚሸጥ ነጋዴ ለያንዳንዱ ሥራ የሚስማማውን ዕቃ ይሸጣል፤ ገዢውም በሚቀጥለው ገበያ ተመልሶ የሚመጣው ወደ እርሱ ነው።